ስለ አዝማሪው የሰጠሁት ቃል

በዚህ ነገር ውስጥ ያለነው አምስት ሰዎች ነን። ስም አልጽፍም፤ ሁላችንም በሕይወት አለን፣ አንዳንዶቹም ስማቸው እንዲነሣ አይፈልጉም። አንደኛው እኔ ነኝ፤ በፍርድ ቤት ደጃፍ ጃንጥላ ዘርግቼ ለሰው ማመልከቻና አቤቱታ የምጽፍ፣ ከስድስተኛ ክፍል በላይ አስተማሪ ያላየሁ፣ ሕጉንም ሰዋስውንም ከአሮጌ መጻሕፍት ራሴን ያስተማርሁ ሰው። ሁለተኛዋ ልጄ ናት፤ ያን ጊዜ በአንድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነበረች። ሦስተኛው ከቁንዝላ በኩል የመጣ አዝማሪ ነው፤ በዕድሜ ከእኔ ሰባት ስምንት ዓመት ይበልጣል። አራተኛው የወረታ ሰው፣ ጨርቅ ነጋዴ፣ በታሰርንበት ክፍል ኃላፊ ተብሎ የተመረጠ። አምስተኛው መርማሪው።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ ከጃንጥላዬ ሥር ወሰዱኝ። አንዲት ሴት የውርስ አቤቱታዋን እያጻፈችኝ ነበር፤ ብዕሩን ሳልከድን ተነሣሁ። መኪናው ሐይቁን ተከትሎ ጥቂት ሄደና አንድ መጋዘን ደጃፍ ቆመ። ድሮ ዓሣ የሚከማችበት ነበር። ግድግዳው ቆርቆሮ፣ ወለሉ ሲሚንቶ ነው። ዓሣ ከወጣለት ብዙ ዓመት ቢሆነውም ጠረኑ ከሲሚንቶው አልለቀቀም። በቆርቆሮው ስንጥቅ ደንገሉ፣ ከደንገሉ ወዲያ ውሃው ይታያል። አሥራ አራት ሰዎች ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። በሩ ሲከፈት ሁሉም ቀና አሉ፤ ከመካከላቸው አንዱን አወቅሁት። ዐይኔን ወደ ሲሚንቶው መለስሁ።

«እንደምን አረፈዱ ጌታው» አለኝ አዝማሪው፣ አይቶኝ እንደማያውቅ ሰው። ጠጋ ብሎም ቦታ ለቀቀልኝ።

ከሁለት ቀን በፊት ግን በአንድ ድንኳን ውስጥ ነበርን።

ልጄ ሙዚቃ ልማር ስትለኝ ሦስት ወር አላናገርኋትም። እኛ ቤት አዝማሪ ለሰርግ ይጠራል፣ ይበላል፣ ይሸለማል፣ ይሸኛል። ለዚህ ሥራ ልጅ አሥራ ሁለት ዓመት አይማርም ብዬ አምን ነበር። እናቷ አሸነፈችኝና ልጄ ሄደች። በዕድራችን ግን «ልጅህ ምን ትማራለች?» ሲሉኝ «ሒሳብ አያያዝ» እል ነበር። ለልጆቼ ውሸት የኃጢአት ሁሉ በር ነው እያልሁ ያስተማርሁ ሰው ይህን ውሸት ሦስት ዓመት ሙሉ ዋሸሁ።

ለዕረፍት ስትመጣ ትምህርቷን ለእናቷ ታወራላታለች፤ እኔ መጽሐፍ ያነበብሁ እየመሰልሁ እሰማለሁ። ሕንዶች አገር ዘፋኙና ከበሮ መቺው እየተጠያየቁ ሰዓታት እንደሚቆዩ፣ በምዕራብ አፍሪካ የትውልድ ሐረግ በዜማ የሚቆጥሩ ቤተሰቦች እንዳሉ፣ ጥቁር አሜሪካውያን አንድን ዜማ እየተቀባበሉ እንደ አዲስ እንደሚሠሩት ትነግራታለች። ሁሉም ቀድሞ ያልተጻፈውን እዚያው ላይ ይፈጥራሉ፤ ፈጠራውም ሕግ አለው፣ ይጠናል ትላለች። እኔ የጽሑፍ ሰው ነኝ። ያልተጻፈ ነገር ሕግ አለው ስትል በመጽሐፉ ተከልዬ ስቄያለሁ።

በዚያ ዓመት የማጠናቀቂያ ጥናቷ የእኛው አገር አዝማሪ ሆነ። ከታዳሚው አንዱ «ተቀበል!» ብሎ ሁለት ስንኝ ሲሰጠው አዝማሪው በስንት ትንፋሽ እንደሚመልሰው፣ ከራሱስ ምን እንደሚጨምርበት ልትለካ ነው የመጣችው። የጎረቤታችን ልጅ ተድራ ስለ ነበር እሑድ ከቀትር በኋላ በመልሱ ድንኳን ውስጥ መቅረጸ ድምፇን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች። አዝማሪው ማሲንቆውን እየገዘገዘ ዞረ፤ ሙሽሮቹን አሞገሰ፣ አማቾቹን አሞገሰ። ተቀበል የሚለው ግን ጠፋ። ጊዜው ሰው በግጥም የሚጫወትበት አልነበረም፤ በየሰፈሩ ሰው እየተወሰደ ነበር።

ልጄ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች። «አባባ፣ እርስዎ እንኳ አንድ ይስጡልኝ። ሰው ሁሉ ፈርቷል።»

«እኔ የአዝማሪ ጨዋታ ምን አውቃለሁ?»

«ከእርስዎ የበለጠ ቃል የሚያውቅ እዚህ ማን አለ?»

በሦስት ዓመት ውስጥ ስለ ትምህርቷ አንድ ነገር ስትለምነኝ የመጀመሪያዋ ነበር። የወደድሁት ልመናዋን ይሁን ሙገሳውን ዛሬም አልለየሁትም። ተነሣሁና «ተቀበል!» አልሁ።

*ሌባ ጠብቅ ብለን በደጅ ብናቆመው፣*
*ዘበኛው ነው አሉ በሩን የነቀለው።*

አዝማሪው ተቀብሎ ሲዘፍነው ድንኳኑ በሳቅ ተናወጠ። ሳቁ ጣመኝ። ወዲያውም አዝማሪው ከራሱ ጨመረበት፤ ዘበኛው ምን ያድርግ፣ ቀን ከሌት ቆሞ ደክሞት በሩን አልጋ ሊያደርገው ይሆናል፣ ሙሽሮች ሆይ ትራስ አቀብሉት የሚል ቀልድ። ሰው በዚያም ሳቀ፤ ጨዋታው ወደ ሙሽሮቹ ተመለሰ። እኔ ግን የእኔን ግጥም በቀልድ አበላሸብኝ ብዬ ቅር አለኝ። አንድ ሰው በስልኩ ቀርጾ ኖሮ ማታውን ግጥሙ በየሰዉ ስልክ ዞረ። የዞረው ግን አዝማሪው የእኔን ሁለት ስንኝ ሲዘፍን ያለው ብቻ ነበር፤ የእኔ «ተቀበል» ከፊቱ፣ የእሱ ቀልድ ከኋላው ተቆርጦ ቀርቷል። ሰኞ ማለዳ አዝማሪውን ያዙት። ማክሰኞ በድንኳኑ ውስጥ የነበርነውን ጥቂቶቻችንን ለምስክርነት ብለው ወሰዱን፤ ሌሎቹ በየቤታቸው ሲመለሱ እኔ ምክንያቱ ሳይነገረኝ መጋዘኑ ውስጥ ቀረሁ።

ረቡዕ ወደ መርማሪው ወሰዱኝ። ገና ወጣት ነው፤ ከልጄ ብዙም አይበልጥም። ወንበር ሳበልኝ።

«አባት፣ ይቀመጡ። ሻይ ይጠጣሉ?»

«አመሰግናለሁ፣ አልጠጣም።»

«ግጥሙን ማን ሰጠው?»

«ብዙ ሰው ነበር።»

«እሱ ማንም አልሰጠኝም፣ ከራሴ ነው ይላል። እኔም የዚህ አገር ልጅ ነኝ። አዝማሪ እንዲህ ያለውን ያለ ሰጪ አይዘፍነውም። የሚደብቀው ሰው አለ።»

እዚህ ላይ ዝም ማለት እችል ነበር። ዝም ብል የሰው ልጅ ፈሪ ነው ተብሎ ያልፍልኝ ነበር። እኔ ግን ተናገርሁ። አዝማሪ ሁልጊዜ ሰጪ አይፈልግም፣ እዚያው ላይ ከራሱ የመፍጠር ችሎታ አለው፤ በዓለም ሁሉ እንዲህ ያሉ ባለሙያዎች አሉ፣ ሕንድ አገር፣ ምዕራብ አፍሪካ፤ በትምህርት የሚጠና ነገር ነው አልሁት። «በምን ያውቃሉ?» አለኝ።

«ልጄ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ተማሪ ናት» አልሁ።

ይህን ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር። ለዕድሬ ያፈርሁበትን ነገር ለመርማሪ በኩራት ነገርሁት። ከመጽሐፌ ጀርባ ሆኜ የሳቅሁበት ትምህርት ሁሉ አንድ በአንድ ከአፌ ወጣ፤ ለካ ሁሉንም በደንብ ሰምቼው ኖሯል።

«ጸሐፊ አይደሉ? ይጻፉልኝ» ብሎ ወረቀት ሰጠኝ።

ጻፍሁ። ከሁሉ የሚያሳፍረኝ ጽሑፉ ማማሩ ነው። አንድም ስርዝ የለውም። «ተጠርጣሪው ያለማንም ሰጪነት፣ በዚያው ቅጽበት፣ አስቦና አውቆ ግጥሙን ከራሱ አፍልቋል» ብዬ ዘጋሁት። «አስቦና አውቆ» የሚለውን መርማሪው አልጠየቀኝም። ለሰው ክስ ስጽፍ የምጠቀምበት ቃል ነው፤ ዳኛ ፊት ስሕተትን ወንጀል የሚያደርገው ይኸው ቃል ነው። ከልማድ ወጣ። መርማሪው አነበበና በዚያ ቃል ሥር አሰመረበት።

«ጥሩ ጽሑፍ ነው አባት» አለኝ። «በጥቂት ቀን ይወጣሉ።»

ሐሙስ ከቀትር በኋላ ክፍሉ ሞቀ። ነጋዴው ዳቦ አከፋፍሎ ሲጨርስ የራሱን ድርሻ ወደ ብርሃኑ አንሥቶ አገላብጦ አየው።

«አዝማሪው! ተቀበል!» አለ።

*ዳቦው እያነሰ ከሄደ እንደዚህ፣*
*ነገ በመነጽር እንፈልጋለን እዚህ።*

አዝማሪው ባዶ የውሃ ጀሪካን ገልብጦ በጣቶቹ እየመታ ተቀበለው፤ ነጋዴው መነጽሩን ከወረታ በድርድር ገዝቶ ለእኛ በትርፍ እንደሚሸጥልን ጨመረበት። «አቤት፣ እዚህም ነግዶ ይኖራል!» እያሉ ሳቁበት። ከዚያ ሁሉም ሰጠ። ስለ ቅማሉ፣ ስለ መጸዳጃው ወረፋ፣ ስለሚያንኮራፋው ሰው። አዝማሪው ማንንም አልመለሰም፤ የማይረባውን ግጥም እንኳ ተቀብሎ፣ አቃንቶ፣ ሰጪውን አስከብሮ ይመልሰዋል። ልጄ ሕግ አለው ያለችውን ነገር ያን ጊዜ በዐይኔ አየሁት። ዙሩ እኔ ጋ ደረሰ።

«ጌታው ጸሐፊስ? አንድ አይሰጡኝም?»

አሥራ ሦስት ሰው ዞሮ አየኝ። «እኔ ግጥም አላውቅም» አልሁ።

አዝማሪው አንድ አፍታ አየኝ፤ ረጅም አይደለም። «የጽሑፍ ሰው ዝም ሲል ደስ ይላል» አለና በሳቅ አሳልፎኝ ወደሚቀጥለው ሰው ዞረ።

ጥቂት ቆይቶ ዘብ በር ከፍቶ ጠራው። ፀሐይ ሳትጠልቅ ተመለሰ። ግራ እጁን በቀኝ ብብቱ ሥር ደብቆ ነበር።

«ምን ሆንህ?» አለው ነጋዴው።

«በር ያዘኝ።»

ማንም ሌላ አልጠየቀም። ማሲንቆ ሲጫወት ጅማቱን የሚጫነው ግራ እጅ ነው። ዳቦውን በአንድ እጁ ሊቆርስ ሲታገል አይቼ ቆረስሁለት። ድምፄን ዝቅ አድርጌ «ለምን አልተናገሩም?» አልሁት። ከዚያ በፊት አንተ ነበር የምለው።

«ማንን?»

«ያውቁታል።»

ዳቦውን አላመጠ። «የሰጠኝን ሰው ከተናገርሁ ከእንግዲህ ማን ይሰጠኛል? አዝማሪ ሰጪ ካጣ ሥራ የለውም» አለ። ከዚያም «ደግሞ ልጂቱ አጠገብዎ ተቀምጣ ነበር። አባት ከልጁ ፊት አይወሰድም» አለኝ።

ይህን ሰምቼ ሰው ብሆን ኖሮ ያኔውኑ በሩን እደበድብ ነበር። አልደበደብሁም። በጥቂት ቀን ይወጣሉ የሚለው ቃል በጆሮዬ ነበር።

ዓርብ ልጄ ምግብ ይዛ መጣች። በአጥሩ ሽቦ ውስጥ ጥቂት ደቂቃ እንድንነጋገር ፈቀዱልን። ሁለት ምሳ ዕቃ ይዛለች።

«አንዱ የአዝማሪው ነው» አለች። «እዚህ ከተማ ሰው የለውም አሉ።» ከዚያ ድምፇን ቀነሰች። «አባባ፣ ቅጂው እኔ ጋ አለ። ሙሉው። የእርስዎ ድምፅ አለበት።»

ዘቡ የት እንደ ቆመ ዞሬ አየሁ።

«እሱ የጨመረው ቀልድም አለበት። ደጋግሜ አዳመጥሁት። ሰው ስቆ ሳይጨርስ፣ በአንድ ትንፋሽ ነው የለወጠው። እርስዎ የሰጡት አደገኛ መሆኑ ወዲያው ገብቶት አብርዶልዎታል። እስከ ዛሬ ከቀረጽሁት ሁሉ ይህን የሚያህል የለኝም። ይህን ቢሰሙት እሱን ይለቁት ይሆናል። ግን እርስዎን… ምን ላድርገው?»

ውሳኔውን ለእኔ ሰጠችኝ። አባቷ ነኝ፤ ምን እንደምላት የምታውቅ መስሏት ይሆናል። ከልጅነቷ ጀምሮ ስለ እውነት የነገርኋት ቢሰበሰብ አንድ መጽሐፍ ይወጣዋል።

«አጥፊው» አልኋት።

«አባባ?»

«አጥፊው አልሁሽ። ዛሬውኑ።»

ሽቦውን ለቀቀች። «እሺ» አለች። ስትሄድ ወደ ኋላ አልተመለከተችም።

ምሳ ዕቃውን ለአዝማሪው ወስጄ ከፈትሁለት። በቀኝ እጁ እየጎረሰ መረቃት፤ ዕድሜ ይስጣት፣ ትዳር ይስጣት፣ በትምህርቷ ያሳድጋት አለ። ከዚያ አፉን ጠራረገና ጠየቀኝ።

«የቀረጸችው ደህና ወጣላት ወይ?»

«እንዴት?»

«ተማሪ ናት ሲሉኝ ጊዜ በደንብ እንዲሰማት ብዬ ማሲንቆዬን ወደ እሷ አዙሬ ነው የተጫወትሁ። ለትምህርቷ ይሆናታል ብዬ።»

ባዶውን ምሳ ዕቃ ከደንሁ። ግድግዳው ላይ ተደግፌ ተቀመጥሁ። ሌሎቹ በሰላት ሰዓትና በጸሎት ሰዓት የየራሳቸውን ሲጸልዩ እኔ አፌን መክፈት አቃተኝ። ነጋዴው ሰላቱን ጨርሶ ሲነሣ አየኝና ወደ እኔ መጣ። መጋዘኑ ከገባሁ ጀምሮ ሲጋራ አታጭሱ፣ አትሳደቡ፣ እውነት ተናገሩ እያልሁ ስመክራቸው የኖርሁ ነኝ።

«ጸሐፊው፣ ዛሬ ስብከት የለም?» አለኝ።

«የለም» አልሁት። «ዛሬ እኔ ነኝ የምሰበከው።»

ቅዳሜ ጠዋት በሩ ሲከፈት ቆሜ ጠበቅሁት። መርማሪው ዘንድ ልግባ አልሁ። አስገቡኝ።

«ግጥሙን የሰጠሁት እኔ ነኝ» አልሁ ገና ሳልቀመጥ።

መርማሪው ብዕሩን አስቀመጠ። «አባት፣ ምን ነካዎት?»

«ተቀበል ያልሁት እኔ ነኝ። እሱ እንደ ሙያው ተቀበለ። ከራሱ የጨመረው ነገሩን የሚያበርድ ቀልድ ነው።»

«ማን ሰማዎት?»

«ድንኳን ሙሉ ሰው።»

«ድንኳን ሙሉ ሰው አላየሁም፣ አልሰማሁም ብሎኛል። ሌላስ?»

«ልጄ ቀርጻው ነበር።»

«ታምጣዋ።»

«አጥፍታዋለች። አጥፊው ያልኋት እኔ ነኝ።»

ከመሳቢያው የጻፍሁትን ወረቀት አውጥቶ በፊቴ ዘረጋው፤ የተሰመረበት ቃል ከሩቅ ይታያል። «እኔ በጽሑፍ ያለኝ ይህ ነው» አለ። «በእጅዎ የጻፉት። ስርዝ የለውም፣ ድልዝ የለውም። አሁን የሚሉኝን ለሽማግሌ አዝነው ነው የሚሉት ብል ማን ይፈርድብኛል?»

«ብዕር ስጠኝ።»

አመነታና ሰጠኝ። ወረቀቱን ስስበውም አልከለከለኝም። ከግርጌው «ከዚህ በላይ የጻፍሁት ሁሉ ውሸት ነው፤ የጻፍሁትም ፈርቼ ነው» ብዬ ጻፍሁ፤ ፈረምሁ። ይህኛው ጽሑፍ አላማረም፤ ሁለት ቦታ ሰርዣለሁ። «ፈርቼ» የሚለውን ቃል በሕይወቴ በራሴ ላይ የጻፍሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

መርማሪው ሁለቱንም አነበበ። «እንግዲያው ሁለታችሁም ትቆያላችሁ» አለ። ቆየን። ልጄ ቅጂውን አላጠፋችው ይሆን ብዬ ያን ሳምንት ሙሉ ተስፋ አድርጌ ነበር። በሳምንቱ ስትመጣ ጠየቅኋት። ዓርብ ማታውን አጥፍታው ነበር፤ አዝዤአታለሁና።

ወደ መጋዘኑ ተመልሼ በሁሉም ፊት ያደረግሁትን ተናገርሁ፤ የጻፍሁትን፣ ልጄን ያዘዝሁትን፣ ሁሉንም። ነጋዴው «ላ ሐውለ፣ ከአላህ በቀር ኃይል የለም» ብሎ ራሱን ነቀነቀ። አዝማሪው ግን «ምን አስቸኮልዎ ጌታው? በጥቂት ቀን ይወጡ ነበር» አለኝ። እየቀለደ እንደ ሆነ ለማወቅ ፊቱን አየሁ፤ አላወቅሁም። በማግስቱ ነገሩ ሁሉ ከግጥም ነው የመጣው ተብሎ ዘፈን በክፍላችን ተከለከለ።

አሁን ጃንጥላዬ ሥር ተመልሻለሁ። ሰው ክስ ሊያጽፍ ሲመጣ «አስቦና አውቆ» የሚለውን ከመጻፌ በፊት ብዕሬን አስቀምጬ፣ አይተሃል ወይ፣ ታውቃለህ ወይ ብዬ እጠይቃለሁ። አንዳንዱ ተቆጥቶ ወደ ሌላ ጸሐፊ ይሄዳል። በዕድራችን «ልጅህ ምንድን ነው የተማረችው?» ሲሉኝ ሙዚቃ እላለሁ። ልጄ ስለዚያ ነገር የተናገረችኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። «ያጠፋሁት እርስዎ ስላዘዙኝ ነው አባባ። ሁለተኛ ግን እንዲህ ያለ ነገር አይዘዙኝ» አለችኝ። «አላዝሽም» አልኋት።

የከፈልነው ሲደመር ይህ ነው። አዝማሪው ሰባ ሦስት ቀንና የግራ እጁን ሁለት ጣቶች ከፈለ፤ ጣቶቹ ድነዋል፣ ነገር ግን አይታጠፉም፣ ዛሬ ሌላ ሰው ማሲንቆ ይመታለታል እንጂ ራሱ አይመታም። ልጄ አንድ ዓመት ከፈለች፤ ጥናቷ በዚያ ቅጂ ላይ የቆመ ነበር፣ ቅጂ የሌለው ጥናት አይቀበሉም፣ ለምን እንዳጠፋችውም ለአስተማሪዎቿ መናገር ስላልቻለች ዓመቱን ደገመችው። ነጋዴውና በመጋዘኑ የነበሩት ሁሉ የነበራቸውን አንድ ጨዋታ አጡ። መርማሪው ምን እንደ ከፈለ አላውቅም። እኔ ሰባ ሁለት ቀን ከፈልሁ፤ ከሁሉም ያነሰው የእኔ ነው።